የጌቶቹ ግብዣ የባሮቹ በዓል ሲሆን

ክሪስቶፈር ኮሎምበስ በ1493 በሁለተኛው የባሕር ጉዞው በካሪቢያን ደሴቶች መካከል ሲያልፍ አንዲት ተራራማ ደሴት አየ። አልወረደባትም። በባርሴሎና አቅራቢያ ባለው ስመ ጥር የእመቤታችን ገዳም ስም ሞንትሰራት ብሎ ሰየማትና መንገዱን ቀጠለ። ነባሮቹ ሕዝቦች አሊዋጋና ይሏት ነበር።

ደሴቲቱ ትንሽ ናት። ርዝመቷ 16፣ ወርዷ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ጠቅላላ ስፋቷ 102 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ዛሬም የብሪታንያ ግዛት ናት፤ ነዋሪዎቿም 5 ሺህ አይሞሉም። እንዲህ ያለች ቦታ በዓመት አንድና ሁለት በዓል ብታከብር ይበቃት ነበር። ሞንትሰራት ግን በማርች፣ በኦገስትና በዲሴምበር የሚያስጨፍር ታሪክ አላት፤ በመካከሉም ትርፍ አይጠፋም። ከሁሉም የሚገርመው የማርቹ ነው። ማርች 17 በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 8 ቀን፣ የአየርላንድ ጠባቂ የቅዱስ ፓትሪክ ዕለት፣ በሞንትሰራት መሥሪያ ቤት ይዘጋል፣ ሕዝቡም አረንጓዴ ለብሶ አደባባይ ይወጣል። የሚዘከሩት ግን አየርላንዳውያኑ ብቻ አይደሉም። አየርላንዳውያኑን ሊገለብጡ ሲሉ የተሰቀሉ ባሮችም በዚያው ቀን ይታሰባሉ። ነገሩ እንዴት እንዲህ እንደሆነ ለመረዳት ከመጀመሪያው መጀመር ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንግሊዞች ደሴቲቱን መኖሪያ ያደረጓት በ1632 ግድም ነው። ከጎረቤቷ ሴንት ኪትስ ተነሥተው ከመጡት ሰፋሪዎች ብዙዎቹ አየርላንዳውያን ካቶሊኮች ነበሩ። እዚያ ከፕሮቴስታንቶቹ እንግሊዞች ጋር አልተስማሙም፤ አዲሲቱ ደሴት መሸሻ ሆነችላቸው። ቆይቶም የእንግሊዙ የጦር መሪ ክሮምዌል አየርላንድን በጦር ሲያደቅቅ ሌሎች ተጨመሩ። አብዛኞቹ ድሆች ነበሩ፤ ለመርከብ የተከፈለላቸውን ዕዳ በዓመታት ጉልበት የሚመልሱ የውል ሠራተኞች። በ1678 በተደረገ ቆጠራ ከደሴቲቱ ነጮች ከሁለት ሦስተኛው የሚበልጡት አየርላንዳውያን ሆነው ተገኙ። የቦታ ስሞቹ እስከ ዛሬ ይመሰክራሉ፤ ኪንሴል፣ ኮርክ ሂል፣ ሴንት ፓትሪክስ። የሰዉም ስም እንደዚያው ነው። ራይሊ፣ ስዊኒ፣ ዴሊ፣ ፋረል፣ ራያን የሚባሉ ጥቁር ሞንትሰራታውያን ሞልተዋል።

ይህን የሰሙ ጎብኚዎች አንድ ጣፋጭ ተረት ይዘው ይመለሳሉ፦ የተገፋው አየርላንዳዊና የተገፋው አፍሪካዊ በአንዲት ደሴት ተገናኝተው፣ ተዛዝነው፣ ተዋልደው ኖሩ የሚል። ታሪኩ ግን እንዲህ አይልም። ትምባሆው ቀርቶ ሸንኮራ አገዳ ሲመጣ፣ ገንዘብ የያዘው አየርላንዳዊ መሬት ገዛ፤ መሬት የገዛው ደግሞ ባሪያ ገዛ። ዶናልድ ኤከንሰን የተባለው የታሪክ ምሁር ሞንትሰራት ላይ በጻፈው መጽሐፍ፣ አየርላንዳውያኑ የመግዛት ዕድል ሲያገኙ ከእንግሊዞቹ የተሻሉ ጌቶች እንዳልነበሩ አሳይቷል። የአየርላንድ ስም የያዙት ጥቁሮች ስሙን ያገኙት በአብዛኛው በጋብቻ አይደለም፤ የጌታቸውን ስም ተሸክመው ነው የቀሩት።

በ18ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ ሂሳቡ እንዲህ ሆኖ ነበር፦ ነጮቹ ከ1,500 ያነሱ፣ ባሮቹ ወደ 10 ሺህ የተጠጉ። ጥቂቱ ብዙውን የሚገዛው በጅራፍና በሕግ ነበር። የባሮቹ ያለ ፈቃድ መሰብሰብም ሆነ ከበሮ መምታት ለጌቶቹ የሥጋት ምልክት ነበር። በአንጻሩ ለጌቶቹ ድግስ ቀን አልተወሰነለትም። ከድግሶቹ አንዱ የቅዱስ ፓትሪክ ነው።

በ1768 ማርች 17 ቀን ጌቶቹ ዋና ከተማዋ ፕሊማውዝ በሚገኘው የገዥው መኖሪያ ሊሰባሰቡ ቀጠሮ ነበራቸው። እንደ ወጉ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ለቅዱሱ ጽዋ ይነሣል። ቀኑን የመረጡት ባሮቹ ይህን አሳምረው ያውቃሉ፤ ወጡን የሚሠሩት፣ ጽዋውን የሚቀዱት እነሱ ናቸውና። ዕቅዱ ቀላልና ብልህ ነበር። ቤት ውስጥ የሚያገለግሉት፣ እንግዶቹ በመጠጥ ሲዘናጉ ሰይፎቻቸውን ይነጥቃሉ። ምልክቱ ሲሰጥ ደግሞ ውጭ የሚጠብቁት ባገኙት መሣሪያ ሁሉ ቤቱን ያጠቃሉ። ከዚያ በኋላ ደሴቲቱ የብዙኃኑ ትሆናለች።

ምሥጢሩ ግን አምልጦ ወጣ። ሲተረክ እንደኖረው፣ ሁለት መሪዎች ስለ መሣሪያ ሲነጋገሩ አንዲት ልብስ ሰፊ ሴት ሰማቻቸውና ለጌቶቹ አደረሰች። ግብዣው ሳይደርስ አሰሳው ተጀመረ። ዘጠኝ ሰዎች ተገደሉ፤ ሌሎች 30 ያህል ታስረው ከደሴቲቱ እንዲጋዙ ተደረገ። ከመሪዎቹ አንዱ ኩጆ ይባል እንደነበርና ራሱ ተቆርጦ መቀጣጫ እንዲሆን በአንድ ትልቅ ዛፍ ላይ እንደተሰቀለ በአፍ ሲወርድ ሲዋረድ መጥቷል። በሰሜን ያለችው መንደር እስከ ዛሬ ኩጆ ሄድ፣ የኩጆ ራስ፣ ትባላለች።

እዚህ ላይ ጌቶቹ ልብ ሳይሉት የቀረ አንድ ነገር አለ። ፓትሪክ ራሱ ባሪያ ነበር። በ5ኛው መቶ ዓመት የኖረው ይህ ቅዱስ፣ ገና ልጅ ሳለ በወንበዴዎች ተማርኮ ወደ አየርላንድ እንደተወሰደና እዚያ ዓመታት በባርነት መንጋ እንደጠበቀ፣ ከዚያም አምልጦ እንደወጣ በራሱ እጅ ጽፎታል። በፕሊማውዝ ጽዋ ሊነሣለት የነበረው ሰው ከጌቶቹ ይልቅ ለአሳላፊዎቹ ይቀርብ ነበር።

ከ1768 በኋላ ባርነቱ 66 ዓመት ቆየ። ኦገስት 1 ቀን 1834 በአብዛኞቹ የብሪታንያ ግዛቶች ባርነት በሕግ ሲሻር በሞንትሰራት ከ6 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ነፃ ተባሉ። ተባሉ እንጂ አልሆኑም፤ ሙያ ልመዳ በሚል ሰበብ ለቀድሞ ጌቶቻቸው በግዴታ መሥራታቸው እስከ 1838 ቀጠለ። የኦገስት የመጀመሪያው ሰኞ ግን የሕዝብ በዓል ሆኖ ቀረ። እስከ ዛሬ በዚያ ቀን ቤተሰብ ምግቡን ይዞ ወደ ባሕር ዳር ይወርዳል፤ የኩጆ ሄድ መንደርተኞችም ከዚያ በፊት ባለው ቅዳሜ የራሳቸውን በዓል ያደርጋሉ።

ማስኬሬድ የሚባለውን ጭፈራ ያመጣው ደግሞ ያው የባርነት ዘመን ነው። ባሮቹ በገና ሰሞን ጥቂት የዕረፍት ቀናት ነበሯቸው። በነዚያ ቀናት ከቤት ቤት እየዞሩ ይጨፍሩ ነበር። የጭፈራው ቅርጽ በጌቶቹ አዳራሽ ያዩት የአውሮፓ ዳንስ ነው፤ ጥንድ ጥንድ ሆኖ መሰለፍ፣ መሽከርከር፣ በተረከዝና በጣት እየመቱ መራመድ። ከታች የሚመታው ከበሮ ግን ከአፍሪካ የመጣ ነው። ጨፋሪው እንደ ጳጳስ አክሊል የሚረዝም ሾጣጣ ቆብ ይደፋል። ፊቱን ከሽቦ ወንፊት በተሠራና ሮዝ ቀለም በተቀባ ጭምብል ይሸፍናል፤ የነጭ ሰው ፊት መሆኑ ነው። ከትከሻው እስከ ጉልበቱ ባለ ብዙ ቀለም ጥብጣብ ይንዠረገጋል። አንዲት ትንሽ ዋሽንት ዜማውን ትመራለች፣ ትልቁና ትንሹ ከበሮ ይከተሏታል። በእጃቸው ጅራፍ የያዙ ደግሞ አሉ። ልክ በቡሄ ሰሞን የሰፈር ልጆች እንደሚያጮሁት፣ ጅራፉን አየር ላይ እየወነጨፉ ያስጮሁታል። ልዩነቱ፣ የእነሱ ጅራፍ ማንን ይገርፍ እንደነበር ተመልካቹ ሁሉ የሚያውቅ መሆኑ ነው። ጌታው በሰገነቱ ቆሞ ባሮቹ ሲያዝናኑት ያያል፤ በጭምብሉ ስር የሚሾፍበት ራሱ ጌታው እንደሆነ ግን ለማወቁ ማስረጃ የለም።

ሌላም ጭፈራ ነበራቸው፣ በአደባባይ የማይታይ። የጀምቢ ጭፈራ ይሉታል፤ ጀምቢ የሙታን መንፈስ ነው። በቤት ውስጥ፣ በሌሊት፣ ሰው ሲታመም ወይም ቤተሰብ ሲቸገር፣ ዉዉ የሚባለው ስስ ከበሮ ይመታል፤ ጨፋሪው መንፈስ ሲወርድበት የችግሩን ምክንያት ይናገራል። ቤተ ክርስቲያን አወገዘችው፤ የተማረውም ሰው አፈረበት። በ20ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ግድም ጭፈራው ሊጠፋ ምንም አልቀረውም ነበር። ዜማውና ከበሮው ግን በመድረክ ላይ በባህል ቡድኖች እጅ ተርፏል።

ስለ ምግቡ ካላነሣን የሞንትሰራት በዓል አይሞላም። ብሔራዊ ምግባቸው የፍየል ውኃ ይባላል። ስሙ ቀጭን ቢሆንም ወጡ ቀጭን አይደለም። የፍየሉ ሥጋ ከነአጥንቱ እየተቆራረጠ በትልቅ ድስት፣ ብዙ ጊዜ ደጅ በእንጨት እሳት፣ ለሰዓታት ይቀቀላል። አረፋው ይገፈፋል። ሽንኩርት፣ ጦስኝ፣ ቅርንፉድና የሚያቃጥል ቃሪያ ይገባበታል። መጨረሻ ላይ በጥቂት ዱቄት ይወፍራል፤ ሩም ጠብ የሚያደርጉበትም አሉ። በጎድጓዳ ሳህን ወይም በኩባያ ከትኩስ ዳቦ ጋር ይቀርባል። ሠርግ፣ ለቅሶ፣ የበዓል አደባባይ፣ ያለ እሱ የሚሆን ነገር የለም። አንዳንዶች የአየርላንድ ወጥ ልጅ ነው ይሉታል። ፍየል ቀቅሎ ለመብላት አፍሪካዊ ከአየርላንዳዊ መማር ነበረበት ወይ ብሎ መጠየቅ ግን ነውር አይሆንም።

ባርነቱ ካለፈ በኋላ የኢኮኖሚው ታሪክ ከችግር ወደ ችግር ነው። ስኳር ወደቀ። የስተርጅ ቤተሰብ ኩባንያ ሎሚ ተክሎ ጭማቂውን ወደ እንግሊዝ ላከ፤ እሱም አለፈ። ጥጥ ተተካ። በ1950ዎቹ ደግሞ ሰዉ ራሱ ወደ ውጭ ይላክ ጀመር፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሞንትሰራታውያን በመርከብ ወደ እንግሊዝ ሄደው በለንደን፣ በሌስተርና በበርሚንግሃም ሰፈሩ። ገንዘብ የሚልክ ዘመድ ባሕር ማዶ የሌለው ቤት ጥቂት ነበር።

የገናው በዓል ዘመናዊ ቅርጹን የያዘው በዚህ የስደት ዘመን፣ በ1962 ነው። ድሮ በየመንደሩ ይደረግ የነበረው ጭፈራ ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ አዲስ ዓመት በሚዘልቅ አንድ ፕሮግራም ተደራጀ። የካሊፕሶ ንጉሥ ውድድር፣ የቁንጅና ውድድር፣ የልጆች ሰልፍ፣ ጎህ ሲቀድ የሚጀመር የጎዳና ጭፈራ ተካተተበት። የዓመቱ የመጨረሻ ቀን ዲሴምበር 31 የፌስቲቫል ቀን ተብሎ በሕግ ሥራ የሚዘጋበት ሆነ። አብዛኞቹ የካሪቢያን አገሮች ካርኒቫላቸውን ከዐቢይ ጾም በፊት ወይም በዓመቱ አጋማሽ ሲያደርጉ ሞንትሰራት በገና ያደረገችው፣ አንድም የማስኬሬዱ ጊዜ በመሆኑ ነው። ሁለትም ባሕር ማዶ ያለው ልጅ ለገና ይመጣል።

ካሊፕሶ ዜማ ብቻ አይደለም። ዘፋኙ የዓመቱን ወሬ፣ የሹሙን ስንፍና፣ የጎረቤቱን ቅሌት በግጥም ያወጣዋል፤ ዳኞች ግጥሙን፣ ዜማውንና አቀራረቡን ይመዝናሉ። ሹሙም ከፊት ወንበር ተቀምጦ እየሳቀ መስማት ግዴታው ነው፤ ከተቆጣ የሚቀጥለውን ዓመት ዘፈን ለራሱ አዘዘ ማለት ነው። ከዚህ መድረክ ከተነሡት አልፎንሰስ ካሴል፣ በመድረክ ስሙ አሮው፣ ዓለም ያወቀው ሆነ። ወንድሞቹም ካሊፕሶ ዘፋኞች ነበሩ። አሮው የደሴቲቱን የካሊፕሶ ንጉሥነት ደጋግሞ ከወሰደ በኋላ ሶካ ወደሚባለው የካሪቢያን የጭፈራ ሙዚቃ ዞረና በ1982 «ሆት ሆት ሆት» የተባለውን ዘፈን አወጣ። በየአገሩ ሠርግ ቤትና ስታዲየም ዘፈኑን የሰማ ሰው፣ በወቅቱ ከ12 ሺህ ያነሰ ሕዝብ ከነበራት ደሴት እንደወጣ ብዙ ጊዜ አያውቅም። አሮው ግን ሀብትና ዝና አግኝቶም ከደሴቲቱ አልራቀም፤ ፕሊማውዝ ውስጥ የወንዶች ልብስ መደብር ነበረው።

በዚያው ዘመን፣ በ1979፣ የቢትልስ የሙዚቃ ፕሮዲውሰር የነበረው ጆርጅ ማርቲን ሳሌም ከምትባለው መንደር አጠገብ ኤር የተባለ የቀረጻ ስቱዲዮ ከፈተ። ፖል ማካርትኒ፣ ስቲቪ ዎንደር፣ ኤልተን ጆን፣ ፖሊስና ዳየር ስትሬትስ የተባሉት ባንዶችም እዚያ ቀረጹ።

ማርች 17 የት ነበረች? ለረጅም ጊዜ የትም። በደቡብ የካቶሊኮቹ መንደር ሴንት ፓትሪክስ ቅዱሱን ታከብር ነበር፤ ቀሪው ደሴት ግን ቀኑን እንደ ማንኛውም ቀን ያሳልፈው ነበር። በ1960ዎቹ ጆን መሴንጀር የተባለ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት መጣና ስለ «ጥቁር አየርላንዳውያን» ጻፈ፤ በሰዉ አነጋገርና ጠባይ ውስጥ አየርላንድን አየሁ አለ። ጽሑፉ ጎብኚ ሳበ፣ ክርክርም አስነሣ። የደሴቲቱ ልጆች ደግሞ በፊናቸው ሌላ ነገር ይፈልጉ ነበር። ከእነሱ ዋናው ሃዋርድ ፈርገስ ነው፤ መምህር፣ ገጣሚ፣ የታሪክ ጸሐፊ፣ ለዓመታትም የሕግ አውጪው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ። እሱና መሰሎቹ የ1768ቱን ሤራ ከመዝገብ ውስጥ አውጥተው ለሕዝብ አስተማሩ። ማርች 17 የነፃነት ታጋዮች ቀን ነው አሉ። ክርክሩ ዓመታት ወሰደ። በመጨረሻ በ1985 ቀኑ ሥራ የሚዘጋበት ብሔራዊ በዓል ሆነ። ከአየርላንድ ውጭ የቅዱስ ፓትሪክን ዕለት በዚህ ደረጃ ከሚያከብሩ እጅግ ጥቂት ቦታዎች ሞንትሰራት አንዷ የሆነችው በዚህ መንገድ ነው። አዋጁ የቅዱሱን ስም አልነቀለም፤ ኩጆንና ጓዶቹን እዚያው ቀን ላይ ጨመራቸው እንጂ።

አዲሱ በዓል አምስተኛ ዓመቱን ሳይደፍን ሴፕቴምበር 17 ቀን 1989 ሁጎ የተባለው አውሎ ነፋስ ደሴቲቱን መታ። ከመቶ ዘጠና የሚሆነው ሕንፃ ተጎዳ። የማርቲን ስቱዲዮ በዚያው ተዘጋ። ሕዝቡ ግን ጣሪያውን መልሶ ሠራ፣ ፕሊማውዝ አዲስ ሆስፒታልና አዲስ ቤተ መጻሕፍት ተሠራላት። የከፋው ገና መምጣቱ ነበር።

ጁላይ 18 ቀን 1995 ለመቶዎች ዓመታት ተኝቶ የኖረው የሱፍሪየር ሂልስ ተራራ ነቃ። መጀመሪያ እንፋሎትና አመድ ነበር። በኦገስት አንድ ሰኞ ከተማዪቱን በቀን ጨለማ የሚያለብስ አመድ ወረደ፤ ሕዝቡ ወደ ሰሜን ሸሸ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሸሸ። በኤፕሪል 1996 ፕሊማውዝ ለመጨረሻ ጊዜ ተለቀቀች። ገበሬዎች ግን ሰብላቸውን ትተው መቀመጥ አልቻሉም፤ ወደ ክልክሉ ቀጠና እየገቡ ካሮታቸውንና ድንቻቸውን ይነቅሉ ነበር። ጁን 25 ቀን 1997 ከተራራው በከፍተኛ ፍጥነት የወረደው የጋለ ጋዝና ድንጋይ 19 ሰዎችን ገደለ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት ወራት ከተማዪቱ ተቃጠለች፣ ተቀበረችም። ቀጥሎ የአውሮፕላን ማረፊያው ጠፋ።

በዚያው ዓመት የገና ማግስት ዲሴምበር 26፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ግድም የተራራው ደቡብ ምዕራብ ጎን ተንዶ ወደ ባሕር ወረደ። በመንገዱ ሴንት ፓትሪክስን ጠራርጎ ወሰዳት። ነዋሪዎቿ ቀደም ብለው ወጥተው ስለነበር ሰው አልሞተም። የቅዱሱን ስም ይዛ የኖረችው፣ ማርች 17ን ከሁሉ በፊት ስታከብር የነበረችው መንደር ግን ከዚያ ሌሊት በኋላ የለችም።

ከ11 ሺህ ገደማ ሕዝብ ደሴቲቱ ላይ የቀረው ወደ 3 ሺህ የሚጠጋ ነበር። ሌላው ወደ አንቲጓ፣ ወደ እንግሊዝና ወደ አሜሪካ ተበተነ። ከደሴቲቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው መሬት ክልክል ሆነ። ሴፕቴምበር 15 ቀን 1997 ጆርጅ ማርቲን በለንደን ሮያል አልበርት አዳራሽ የእርዳታ ኮንሰርት አዘጋጀ፤ ማካርትኒ፣ ኤልተን ጆን፣ ስቲንግ፣ ኤሪክ ክላፕተን፣ ፊል ኮሊንስ ተሰለፉ። ሞንትሰራትን ወክሎ አሮው ዘፈነ። መደብሩን አመድ የበላበት ሰው «ሆት ሆት ሆት» እያለ ሕዝብ ሲያስጨፍር፣ ቀልድ ነው ወይስ ሐዘን ብሎ ለመለየት ያስቸግራል። ለካሊፕሶ ዘፋኝ ግን ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም።

ለተበተነ ሕዝብ በዓል ሌላ ሥራ አገኘ። ድሮ ለመዝናናት የነበረው አሁን የመመለሻ ቀጠሮ ሆነ። ለንደን ወይም ቦስተን ያለው ልጅ ቤቱ የተቀበረበት ነው፤ ወደየትኛው ደጃፍ ይመለሳል? ወደ ማርች 17 ወይም ወደ ዲሴምበር 31 ይመለሳል። ለዚህም ነው የቅዱስ ፓትሪክ በዓል ከአንድ ቀን ወደ አንድ ሳምንት፣ ከዚያም አልፎ የረዘመው፤ ትኬት ቆርጦ ውቅያኖስ የተሻገረ ሰው ለአንድ ቀን አይመጣምና። በ2005 አዲሱ አነስተኛ አውሮፕላን ማረፊያ በጄራልድስ እስኪከፈት፣ መምጫው ከአንቲጓ በጀልባ ወይም በሄሊኮፕተር ብቻ ነበር። እንዲያም ሆኖ ይመጡ ነበር።

በሰሜን አዲስ ሕይወት ተጀመረ። መንግሥት መሥሪያ ቤቶቹን ወደ ብሬድስ አዛወረ። በ2007 በሊትል ቤይ የባህል ማዕከል ተከፈተ፤ ገንዘቡን በማሰባሰብ ጆርጅ ማርቲን ዋነኛው ነበር። የካሊፕሶው ውድድርና የገናው መድረክ ጣሪያ ያለው ቤት አገኙ። አዳዲስ በዓላትም ተወለዱ። በጁላይ፣ እሳተ ገሞራው በነቃበት ወር፣ የቅል በዓል ይደረጋል፤ ካላባሽ ከሚባለው ዛፍ ፍሬ ሳህን፣ ቦርሳና የሙዚቃ መሣሪያ የሚሠሩ ባለ እጆች ሥራቸውን ያሳያሉ። ከ2009 ጀምሮ ደግሞ በኖቬምበር የሥነ ጽሑፍ በዓል አለ። ስሙን ያገኘው ኮሎምበስ ከፋቀው ነው፤ አሊዋጋና የቃል ፌስቲቫል።

ይህ ሁሉ ያለ ሐዘን አልሄደም። በፌብሩዋሪ 2010 ተራራው እንደገና በኃይል ፈነዳ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 15፣ የለንደኑ ኮንሰርት በተደረገበት ቀን በ13ኛ ዓመቱ፣ አሮው በሕመም ሞተ።

የዛሬውን የማርች በዓል የሚያይ ሰው ሁለት በዓል በአንድ ላይ ያያል። ኤርፖርቱ ላይ ፓስፖርቱን የሚመታው ማኅተም የሦስት ቅጠል ሻምሮክ ቅርጽ አለው። በደሴቲቱ ሰንደቅ ዓላማ ላይ አረንጓዴ የለበሰች ሴት በገና ይዛ ቆማለች፤ የአየርላንድ ምሳሌ ናት። ሱቁ በአረንጓዴ ቆብ ይሞላል፣ ቢራው ይቀዳል። ቀና ብሎ ለሚያይ ደግሞ ሌላው አለ። በበዓሉ ሰሞን ችቦ ይለኮሳል። ማለዳ የነፃነት ሩጫ ይሮጣል። ምሁራን ስለ 1768 ንግግር ያደርጋሉ። በሳሌም አደባባይ የፍየል ውኃው ድስት ይጣዳል፤ ሴቶች አረንጓዴ የበዛበት መደብ ያለውን የአገር ልብሳቸውን ለብሰው ይወጣሉ፤ ማስኬሬዶቹ ጅራፋቸውን እያጮሁ ያልፋሉ። በ2018 የሤራው 250ኛ ዓመት ሲከበር ነገሩ ከሻምሮኩ ወደ ባሮቹ ይበልጥ አዘነበለ። ከሁለት ዓመት በኋላ የኮሮና ወረርሽኝ በዓሉን በመካከሉ አቋረጠው።

የአየርላንዱ ነገር ደሴቲቱን ይጠቅማል፤ መካድ አይቻልም። የጋዜጠኛውን ካሜራ የሚስበው «በካሪቢያን ያለች ትንሿ አየርላንድ» የሚለው ነው። የቱሪስቱም ዶላር የሚከተለው ያንኑ ነው። አብዛኛው በጀቷ ከብሪታንያ እርዳታ ለሚሸፈን ደሴት ይህ ቀላል አይደለም። ማርች 17ን በሕግ በዓል ያስደረጉት ሰዎች ግን የተነሡት ለቱሪስት አልነበረም። የ1768ቱ ዘጠኝ ሰዎች የሞቱት በዚያ ቤት ጽዋ ለማንሣት ፈልገው አይደለም። አረንጓዴው ቆብና የኩጆ መታሰቢያ አንድ ቀን በአንድ አደባባይ አብረው ሊውሉ ይችላሉ፣ ለአርባ ዓመት ያህልም ውለዋል። ከሁለቱ አንዱ ይቅር የሚባልበት ቀን ቢመጣ ግን መቅረት ያለበት ቆቡ ነው።